ፎጣውን የወረወረው እጅ

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ጉልበትህ፣ ወገብህ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምህ የቀኝ እጅህ አንጓስ? ሚስትህ ደህና ናት? ልጆቹስ፣ ትምህርታቸውስ? አክስታችንን እግሯ ተሻላት? እማዬስ እንዴት ናት፣ ትበላለች፣ እንቅልፍ ይወስዳታል? የግራ ዓይንህን ጤና መጨረሻ ላይ የምጠይቅህ ረስቼው አይደለም። ይህን ፊደል በሁለት ዓይንህ እያነበብከው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አልታመምኩም፣ ከሥራ አልቀረሁም፣ አልከሳሁም። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ፤ ከዚህ ካስረዘምኩት ወደ ውሸት ይሄድብኛል።

ሬዲዮ ላይ የተናገርከውን ሰምቻለሁ። አንድ ሰው ቀድቶት ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጋዜጠኛው በዚያ በሚያባብል ድምፁ የድሮውን የቦክስ ግጥሚያ ሲያነሳብህ ትንሽ ዝም አልክ። ዝምታህን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ አራት ሰከንድ ይሆናል። በአራት ሰከንድ ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ሊመርጥ ይችላል። ከዚያ የመረጥከውን ተናገርክ፦ «ታላቅ ወንድሜ ፈራ። ፎጣውን የወረወረው እሱ ነው። እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር።»

አሥራ ስምንት ዓመት። ሰው ሲጠይቅህ ያለፈ ነገር ነው እያልክ፣ እኔን ሲጠይቁኝ እሱን ጠይቁት እያልኩ ኖርን። ግጥሚያውን ያስቆመው ፎጣ ከጥጋችን መወርወሩን ሁሉም አይቷል፤ በማን ቃል እንደሆነ ግን ሕዝቡ የፈለገውን ይሞላበት ነበር። ገሚሱ በቦክስ ስምህ እየጠራህ ዶፍ ራሱ በቃኝ ብሏል ይላል፣ ገሚሱ ጥጉ ላይ የነበሩት ሰዎች አስቁመውታል ይላል፤ እኛ መሃል ላይ ምላሳችንን ነክሰን ተቀምጠን። ያ ዝምታ የሁለታችን ቤት ይመስለኝ ነበር። ለካ አንተ ዕቃህን ጠቅልለህ የምትወጣበትን ቀን ትጠብቅ ነበር።

ሰው ምንም ይበል፣ ችዬዋለሁ። እማዬን ግን አልቻልኩም። ሬዲዮው ከተላለፈ ወዲህ ሦስት እሑድ ደውያለሁ። ሦስቱንም ያነሳችው ሚስትህ ናት። ተኝታለች አለችኝ፣ በጠራራ ፀሐይ። ከኋላዋ ሳል እሰማለሁ፤ የእናቴን ሳል አልስተውም። በሦስተኛው እሑድ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማኝና ልቤ ዘለለ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ነህ የለ። «ወንድምህን በሰው ፊት ለምን አዋረድከው?» አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም፣ ስልኩን መልሳ ሰጠች። ከዚያ ሚስትህ ስለ ልጆቹ ብዙ አወራችኝ። አንዱንም አልሰማሁ።

እማዬ ፊደል ስላልቆጠረች የእኔ ደብዳቤ ሁሉ የሚደርሳት በአንተ አፍ ነው። ሕመም ወይም ችግር የጻፍኩ እንደሆነ ዝለለው ብዬ ያዘዝኩህም እኔው ነኝ። ትከሻዬን የተጎዳሁ ጊዜ ዘለልከው። ሥራ ያጣሁ ጊዜ ዘለልከው። ጎበዝ አንባቢ ነህ፣ ስትዘልም ድምፅህ አይሰበርም ብላ ሚስትህ ነግራኛለች። እንግዲህ ይህን ስጽፍ የማስበው ስለ አንተ ንባብ ነው። የትኛው መስመር ላይ እንደምትዘል።

የምሠራበትን ቦታ በትክክል ነግሬህ አላውቅም፤ ፋብሪካ ብዬ አልፌዋለሁ። የልብስ ማጠቢያ ነው። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣ በጋሪ ይገባል፣ ታጥቦ ይወጣል። ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፣ እንፋሎቱ መነጽሬን ጉም ያለብሰዋል፣ ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ወለሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። የእኔ ድርሻ ከማድረቂያው የሚወጣውን ፎጣ ማጠፍ ነው። በቁመቱ ሦስት እጥፍ፣ ከዚያ ሁለት፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ። ነጭ ነው ሁሉም። መሳቅ ካማረህ ሳቅ። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ስቄበታለሁ፣ ብቻዬን።

የአገራችን ሰዎች አራት ነን፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከልብስ ማስቀመጫው ሣጥኖች አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ እንሰበሰባለን። አንደኛው ሊቁ የምንለው ነው፤ የትኛው ቦክሰኛ በየትኛው ዓመት በማን እንደተዘረረ በቃሉ ያውቃል፣ እሱ ራሱ ግን ጓንት አጥልቆ አያውቅም። ሁለተኛው ልብሱን በመኪና የሚያመላልሰው ሹፌር ነው፤ ድምፁ ከሞተሩ ይበልጣል። ሦስተኛው ሸሚዝና የደንብ ልብስ የሚተኩስ ሽማግሌ ነው። እሱ መስኮቱ ዘንድ ቆሞ ይበላል፣ ቃል አይወጣውም። እኔን ረጅሙ ይሉኛል። ስሜን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ቦክስ ሳይነሳ የሚያልፍ ምሳ የለም። ሊቁ ክብር በመዝገብ ነው ይላል፤ ስንት አሸነፈ፣ ማንን አሸነፈ፣ በስንተኛው ዙር። ሹፌሩ መዝገብ የጸሐፊ ሥራ ነው ብሎ ያጣጥለዋል፤ ለእሱ ቦክሰኛ የሚለካው ከወደቀ በኋላ በተነሳው ቁጥር ነው። ያንን የተጋጠምከውን፣ አናጢው የሚባለውን፣ ሊቁ ያነግሠዋል። ሹፌሩ ደግሞ አናጢው በዕድሜው የመታው የደከመ ሰውና ሚስማር ብቻ ነው ይለዋል። አንድ ቀን በዚህ ነገር ተናንቀው እኔና ሽማግሌው ነን ያላቀቅናቸው። ወደ አንተ ሲመጡ ግን ይስማሙ ነበር። ስሙን ዶፍ ብለውት ካፊያ ሆኖ ቀረ ይሉህ ነበር። የጥጉ በርጩማ የተመቸው ይሉህ ነበር። እኔ ምሳዬን በውሃ አወርደው ነበር።

ሬዲዮውን የሰሙ ዕለት ሁሉም ተገለበጠ። ሹፌሩ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጦ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። አንተ በአንድ ምሳ ሰዓት ከፈሪነት ወደ ጀግንነት ተሻገርክ። የተረማመድክበት ድልድይ እኔ ነኝ። ሹፌሩ አናጢው ይሻለው ነበር፣ እሱ ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የመታው አለ። ሊቁ እንዲህ ያለ ወንድም ጥግ ላይ ከሚቆም ባዶ ባልዲ ቢቆም ይሻላል፣ ባልዲ አይፈራም አለ። ከዚያ ወዲያ፣ እኔ መሆኔን ሳያውቁ፣ ስሜ ባልዲው ሆነ። ባልዲው ዛሬ የት ይሆን ያለው፣ መንገድ ላይ ሲያገኙት ምራቅ ይተፉበት ይሆን እየተባባሉ ለእኔ ጨው ያቀብሉኛል። አመስግኜ እቀበላለሁ። እጄን አያለሁ፣ የሚያስታውቅ ነገር ያለው ይመስለኛል።

ሊያጋልጠኝ የነበረው የአንተ ስህተት ነው። ሬዲዮው ላይ በሰባተኛው ዙር አልክ። ሊቁም መዝገቡን አርሞ ሰባተኛው እያለ መተረክ ጀመረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቻልኩት። በሦስተኛው ቀን አፌ አመለጠኝ፤ ስድስተኛው ነው አልኩ። ሦስቱም ቀና አሉ። ሊቁ ዶፍ ራሱ ሰባት ካለ አንተ ከየት አመጣኸው አለኝ። ሰምቼ ነው አልኩ። እንዴት እንደማውቀው ምን ብዬ ልንገራቸው? በየዙሩ መጨረሻ አንድ ቆርኪ ከግራ ኪሴ ወደ ቀኝ ኪሴ አሳልፍ ነበር። ያን ዕለት አምስት አልፈው ነበር። ስድስተኛው ግራ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ነው ቤት የገባሁት። ሰው ፈሪ ሲለኝ ዝም ያልኩ ሰው፣ ዙር ሲሳሳቱ ዝም ማለት አቃተኝ። ይህንንም እያሰብኩበት ነው።

ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። አምስተኛው ዙር አልቆ ተቀመጥክ። ግራ ዓይንህ ተደፍኗል፣ ቅንድብህ ተከፍሏል። አሰልጣኙ ዳኞቹ ጠረጴዛ ዘንድ ሄዶ ስለ አናጢው ክርን ይጨቃጨቃል። ውሃ ሳቀርብልህ የጥርስ መከላከያህን መዳፌ ላይ ተፋህና፣ ከንፈርህ ብዙም ሳይንቀሳቀስ፣ «ጋሼ፣ አውጣኝ። እኔ አልኩ እንዳትል» አልከኝ። ደወሉ ሲመታ ተነሳህ። ተነስተህ መሄድህን ሕዝቡ እንዲያይልህ እንደሆነ ገብቶኛል። ሁለት ቡጢ እስክትሰነዝር ጠበቅሁህ። ከዚያ ወረወርኩ። አንተም ዘወር ብለህ፣ ሁለት እጅህን ዘርግተህ፣ ምን ሠራኸኝ በሚል ዓይን አየኸኝ። ሕዝቡ ጮኸ። የዓይንህ ትወና ከመጠን በላይ ጥሩ ስለነበረ ለአፍታ እኔም አመንኩህ። በማግስቱ ሐኪሙ አንድ ዙር ቢጨመር ኖሮ ዓይኑ አይተርፍም ነበር ሲለን እጄን ያዝከኝ፣ አልለቅ አልክ። ይህን ለጋዜጠኛው አልነገርከውም።

አሁን የዚህን ዓርብ ልንገርህ። ሹፌሩ ስልኩን እንደገና ከፈተ። ሊቁ የቦክሰኛ ውርስ ቀበቶው ሳይሆን የሚነገርለት ታሪክ ነው፣ የዶፍን ታሪክ ደግሞ ወንድሙ ሰረቀው እያለ ይተነትናል። ሹፌሩ በመሃል ገብቶ ያቺ እናት በመጀመሪያው ልጇ ከስራ፣ በሁለተኛው ነው የተካሰችው አለ። ሳቁ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። አፌን ሳልከፍት ግን ሽማግሌው ልብስ ተኳሽ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ አይተነው አናውቅም። መጣ።

የዚያ ግጥሚያ ዕለት ደወሉን የመታሁት እኔ ነኝ አላቸው። የሚያወራው ዝግ ብሎ ነው፣ ሸሚዝ እንደሚተኩስ፣ ከአንገትጌው ጀምሮ። ደወሉ ከዶፍ ጥግ ሥር ነበር፣ ከበርጩማው አንድ ክንድ አይርቅም፣ ከአምስተኛው ዙር በኋላ ልጁ ታላቁን ምን እንዳለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ አለ። ቃሉን ደገመው። አውጣኝ። እኔ አልኩ እንዳትል። አንድ ፊደል አላጎደለም። ታላቁም አለቀሰ አለ። እኔ ማልቀሴን አላስታውስም። ይህ ከሁሉ ይልቅ አስደነገጠኝ፤ የእኔን ፊት አንድ የማላውቀው ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ይዞት ኖሯል።

ሹፌሩ እስከ ዛሬ የት ነበርክ፣ ዶፍ ሬዲዮ ላይ ሲነሳ ነው እንዴ አንተም የተነሳኸው ብሎ አፋጠጠው። ሽማግሌው የሰው ገበና ነው፣ ባለቤቱ ሲያወጣው እንጂ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነበር አለ። ሊቁ ምስክር ካለህ አምጣ አለው። ሽማግሌውም ወደ እኔ ዞረ። መጀመሪያ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ እንዳወቀኝ ያኔ ገባኝ። መነጽሩም፣ መላጣውም፣ ጢሙም አላታለሉትም። «ረጅሙ ይንገራችሁ» አለ።

ወንድሜ፣ ያቺን ሰዓት ስማኝ። በር ተከፍቶልኝ ነበር። ምስክር መጥቶልኛል፣ ያውም ቅን ሰው፣ ያውም ሳልጠራው። አዎ ብል ዶፍ ያንኑ ዕለት ያልቅለት ነበር። ሊቁ ቀድቶ፣ ሹፌሩ አሰራጭቶ፣ በሳምንቱ ጋዜጠኛው በርህን ያንኳኳ ነበር። ማሽኖቹ ይጮኻሉ። ሁሉም ያየኛል። «ውሸት ነው» አልኩ። «ታላቅ ወንድሙ እኔ ነኝ። ምንም አላለኝም። ፈርቼ ነው የወረወርኩት።»

ሹፌሩ ሳህኑን አንስቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ሊቁ የበላበትን ሳይጠርግ ተከተለው። ከሰዓት በኋላ ጋሪዬ ላይ አንድ ባልዲ ተቀምጦ አገኘሁ። ይሁን። የከበደኝ ሌላ ነው። እጄን ስታጠብ ሽማግሌው አጠገቤ መጣ። ቧንቧውን ከፈተ፣ ዘጋ። «በስተርጅናዬ ውሸታም አደረግከኝ» አለኝና ወደ መተኮሻው ተመለሰ። ቅዳሜ ሰላም ስለው አልመለሰም። እንግዲህ ያ ንግግርህ እስከዚህ ድረስ መጥቷል፤ የማታውቀው፣ ክፉ ያላሰበብህ ሰው ሽበት ላይ።

ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ውለታ እንዳትቆጥርልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ለማን ብዬ እንደዋሸሁ ስፈልግ ነበር። በከፊል ለልማድ ነው። እኔ አልኩ እንዳትል ተብያለሁ፣ ማንም እስከ መቼ ድረስ እንደሆነ አልነገረኝም። በከፊል ደግሞ ሰዎቹን ስለጠላኋቸው ነው፤ ነገ አንተን ሲቀረጥፉህ አብሬ ጨው እንዳቀብል አልፈለግሁም። ቀሪውን ለመጻፍ ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አንስቻለሁ። ፈርቼ ነው ስል የዋሸሁ አልመሰለኝም።

ፎጣው አምስተኛው ዙር መሃል ላይ እጄ ላይ ነበር። አንተ ገና ምንም ሳትል። ከአንገቴ አውርጄ፣ ጠቅልዬ፣ ጨብጬው ነበር። አናጢው በግራ እጁ ሲያገኝህ እያንዳንዱን የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ባትጠይቀኝ ኖሮ እወረውረው ነበር ወይ? አላውቅም። መጥተህ ተቀመጥክና ፍርሃቴን ትእዛዝ አደረግክልኝ። እኔም እስከ ዛሬ ታዝዤ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። ስለዚህ ፈሪ ስትለኝ ግማሹን እወስዳለሁ። ግማሹ ያንተ ነው። የራስህን ድርሻ ጨምረህ ነው በሕዝብ ፊት ያሸከምከኝ፣ ያውም እኔን ሳትጠይቅ።

ሬዲዮ ሄደህ ቃልህን አጥፍ አልልህም። ሕዝቡ ይሁንልህ። የሰፈሩ ልጆች በየግድግዳው ስምህን ይጻፉ፣ ሊቁ ከአናጢው በላይ ያስቀምጥህ፣ ግድ የለኝም። እኔ የምፈልገው አንዲት አሮጊት ናት። ለእሷ ተናገር። ስታለቅስ አትሩጥ፣ ቁጭ በል። አዎ ጠይቄዋለሁ በላት፤ ሁለታችንም ፈርተን ነበር በላት። ሳሏ እየባሰ እንደሆነ በስልክ ይሰማኛል። እናቴ እኔን እንዲህ አድርጋ እያሰበች እንዳታልፍብኝ ነው። ካልነገርካት ሌላ ደብዳቤ አልጽፍም፣ አልደውልም፣ ለቀብሯም አልመጣም። ዛቻ ከመሰለህ፣ ዛቻ ነው።

ለሚስትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ተኝታለች ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ እፍረት እሰማለሁ፣ አልተቀየምኳትም በላት። ለትልቋ ልጅህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችልኝ የፈተና ውጤት ሣጥኔ በር ላይ ተለጥፏል። ትንሹን ሳምልኝ። ሰው ለመምታት እጁን እየጨበጠ ነው ብለህ በኩራት ጽፈህልኝ ነበር፣ ኳስ ግዛለት። አክስታችን እግሯን በሞቀ ውሃ እንድትነክር፣ ደረጃውንም ብቻዋን እንዳትወርድ ንገራት።

ለእማዬ ለብቻ ሰላምታ አልጻፍኩም። ሌላ ጊዜ ከፊት የማስቀድማትን ዛሬ ከሁሉ ኋላ ያደረግኋት ከንቄ አይደለም። ደብዳቤ አንብበህላት ወረቀቱን ስታጥፍ ሁልጊዜ «ያለው ይኸው ብቻ ነው?» ብላ እንደምትጠይቅህ ነግረኸኛል። ዛሬም ትጠይቅሃለች። ፊት ለፊትህ ተቀምጣ፣ አፍህን እያየች። እኔ የምጽፈውን ጨርሻለሁ። የምትመልስላት አንተ ነህ።

ታላቅ ወንድምህ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ 9 ቀን